አዲስ የደም ሥር

ሰኞ 3

እንቁላሎቹ መጡ፤ የላይኞቹ ተሰነጣጥቀው። ሾፌሩን "ድንጋይ ነው እንዴ የጫንከው?" ስለው "እኔን ተይኝና መንገዱን ጠይቂው" አለኝ። ወይ ጉድ! የተረፉትን ማስፈልፈያው ውስጥ ደርድሬ ሳልጨርስ ፕሮፌሰሯ እንግዶች አስከትላ ገባች። "አስረጂያቸው፣ አንቺ ታውቂበታለሽ።"

አስረዳኋቸው። እንቁላሉ ላይ ጥፍር የምታህል መስኮት እንከፍታለን። ከሥሯ ስስ ሽፋን አለ፤ እዚያ ላይ ጫጩቱን የሚመግቡት የደም ሥሮች ቅርንጫፍ እያወጡ ያድጋሉ። ከእርድ ቅመም ባወጣነው፣ ኩርኩሚን በምንለው ውህድ የተነከረች ትንሽ ክብ ወረቀት ጣል እናደርግበታለን። ውህዱ ከሠራ በወረቀቷ ዙሪያ አዲስ የደም ሥር መብቀሉን ያቆማል። የካንሰር ዕጢ ያለ አዲስ የደም ሥር ማደግ አይችልም፤ ደሙን ከከለከልነው በረሃብ ይቀጭጫል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። አንዷ እንግዳ ጋዋኔን ከላይ እስከ ታች አየችና "ዕጢውንስ ገደለው እንበል፣ ይህን ጋዋን ማን ያድነዋል?" አለች። ሁሉም ሳቁ። እውነቷን ነው፣ የምነካው ነገር ሁሉ ቢጫ ይሆናል። ፕሮፌሰሯ ስትወጣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። "እንዳንቺ ጥርት አድርጎ የሚያስረዳ ሰው የለኝም።"

ቤት ስገባ አባዬ የስፌት መኪናው ላይ ነበር። ቀኝ እግሩን በፋሻ እንደተጠቀለለ በርጩማ ላይ ሰቅሎ፣ ፔዳሉን በግራው ብቻ ይረግጣል። የሰው ሱሪ እያሳጠረ ነበር።

"እሙ፣ ያ የምትሠሩበት እርድ ምን ያደርጋል?"

"የደም ሥር ላይ ነው የሚሠራው አባዬ። ደክሞኛል፣ ነገ አስረዳሃለሁ።"

"እሺ የኔ ልጅ፣ ዕረፊ።"

ረቡዕ 5

አባዬን ክሊኒክ ወሰድኩት። ቁስሉ የመርፌ ነው። ከእጁ የወደቀች መርፌ ጫማው ውስጥ ገብታ ተረከዙ ላይ ተሰክታ ዋለች፤ እሱ ምንም አልተሰማውም። ስኳሩ የእግሩን ስሜት ከወሰደው ቆይቷል። ማታ ጫማውን ሲያወልቅ ደሙን ያየችው አክስቴ ናት፤ እሷ ባትጮህ ኖሮ ከነመርፌው ይተኛ ነበር። ነርሷ ስታጥበው "ዕድሜ ልኬን ጨርቅ ስወጋ ኖሬ፣ ዘንድሮ የመወጋቱ ተራ የእኔ ሆነ" አላት። ነርሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ሐኪሙ የአባዬን ቁርጭምጭሚት በሁለት ጣቱ ይዞ የደሙን ምት ፈለገ። ቆየ። ሌላ ቦታ ፈለገ። "አባባ፣ ዋናው የደም ሥር ጠቧል። ቁስሉ እንዲሽር ትንንሽ አዳዲስ የደም ሥሮች ወደዚህ ማደግ አለባቸው። በየሁለት ቀኑ እየመጡ ይታጠቡ። ስኳርዎን ይጠብቁ። ቀለሙ ከተለወጠ፣ ከጠቆረ፣ በዚያኑ ቀን ይምጡ።" አባዬ ደንበኛ ልብስ ሲያዘው እንደሚሰማው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማ። አንድም አልጠየቀም።

ታክሲ ውስጥ ነው የጠየቀው፣ እኔን።

"አዲስ የደም ሥር ነው ያለው፣ አይደል?"

"አዎ።"

"ያንቺም እርድ የደም ሥር ላይ ነው የሚሠራው?"

ስልኬ ላይ ፕሮፌሰሯ የማስፈልፈያው ሙቀት ወርዷል ብላ ጽፋለች። "አዎ አባዬ፣ አዎ" አልኩት፣ ቀና ሳልል። ከዚያ በመስታወቱ ሳየው ፈገግ ብሏል። ከታመመ ወዲህ ፈገግ ሲል አይቼው ስለማላውቅ እኔም ደስ አለኝ።

ዓርብ 7

ማስፈልፈያው ቀጥ ብሎ አድሯል። ግማሾቹ ሞተዋል። ቀጮው (አብሮኝ የሚሠራው፣ ያገኘውን ሁሉ በልቶ አንድ ግራም የማይጨምረው) "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አለኝ። በሩን በደንብ ሳልዘጋ የሄድኩ ይመስለዋል። ዘግቻለሁ። የዘጋሁ ይመስለኛል።

አባዬን ከአክስቴ ጋር ክሊኒክ ይሂድ አልኩ።

እሑድ 9

ልብስ የማጥበው እኔ ስለሆንኩ አየሁት፤ የአባዬ አንሶላ ግርጌው ቢጫ ሆኗል። ለማጠቢያ ስታስቀምጡ ጋዋኔን ከሌላ ልብስ ጋር እንዳትቀላቅሉት ስንቴ ተናግሬያለሁ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። አሸሁት፣ አልለቀቀም።

ደግሞ ሌላ ነገር። ባለፈው ወር ከላቦራቶሪ የተረፈውን የእርድ ዱቄት በትልቅ ጠርሙስ ለአክስቴ አምጥቼላት ነበር፣ ለሾርባና ለሩዝ። ከግማሽ በታች ወርዷል።

"እትዬ፣ ሩዝ ነው የምትሠሪበት ወይስ ግድግዳ የምትቀቢበት?"

"ኤዲያ! እርድ ደግሞ ይቆጠራል እንዴ?" ፊቷን አዞረች። አባዬ ሳቁን በመሃረቡ አፈነው። ሁለቱ ሰሞኑን ጣፋጭ ሰርቀው የደበቁ ልጆች መስለዋል። ተዋቸው አልኩ፣ ደስ ይበላቸው።

"ዓርብ ክሊኒክ ሄዳችሁ?"

"ሄድን እንጂ" አለች አክስቴ።

"ምን አሏችሁ?"

"ምን ይላሉ፣ ደህና ነው አሉ።"

ረቡዕ 12

ዛሬ እኔ ልወስደው ነበር። አልቻልኩም። በአዲሶቹ እንቁላሎች ላይ ወረቀቶቹ የሚቀመጡበት ቀን ነው፤ ቀኑ ካለፈ አለፈ፣ ጫጩት አይጠብቅም። ደውዬ ይቅርታ ስለው "ሥራሽን ሥሪ፣ ስለ እኔ አታስቢ፣ እኔ እየተሻለኝ ነው" አለኝ።

ፕሮፌሰሯ ኮሪደሩ ላይ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። "ልጅቷ ታታሪ ናት። ግን ቀልቧ እዚህ የለም።" ቀልቤ! ቀልቤ የት እንዳለ ብትነግሪኝ እኔም ሄጄ ባመጣሁት። ቤት ስሆን እንቁላሎቹን አስባለሁ፣ እዚህ ስሆን እግሩን።

በወሩ መጨረሻ ጉባኤ አለ። ውጤት ከሌለኝ ውሌ አይታደስም። እንዲህ ብላ አልነገረችኝም፤ ግን እንዲህ ነው።

ቅዳሜ 15

ሠራ!

ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያዋን መስኮት ከፍቼ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አልኩ። ምንም ያልተነከረችው ወረቀት፣ ያቺ ለማነጻጸሪያ የምናስቀምጣት፣ ዙሪያዋን በደም ሥር ተከባለች፤ ከየአቅጣጫው መጥተው ተጠላልፈውባታል። ኩርኩሚን የተነከረችው ወረቀት ጋ ግን የደም ሥሮቹ መጡ መጡና ቆሙ። አንዳንዱ ታጥፎ ተመልሷል። በመካከል ባዶ ነጭ ሜዳ። ሁለተኛውን ከፈትኩ፣ ያው። ሦስተኛው፣ ያው። ቀጮውን ጠርቼ አሳየሁት። "እልል በይ እንጂ፣ ምን ያስለቅስሻል?" አለኝ። እያለቀስኩ መሆኔን አላወቅሁም ነበር።

አባዬን ላበስረው እየሮጥኩ ገባሁ። እግሩን ትራስ ላይ አድርጎ ጋደም ብሏል። የቁስሉ ሽታ ከክፍሉ ቀንሷል፤ ያ አፍንጫ የሚይዘው ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ቁስሉን አሳየኝ አልኩት።

"አይሆንም። አሁን ነው የታሸገው። ሲድን ታዪዋለሽ።"

"እስቲ ብቻ ጠርዙን።"

"አንቺ ደግሞ! ልብሱ ሳያልቅ የሚያይ ደንበኛ አልወድም ብዬሽ የለም?" አክስቴ ከኋላዬ ሳቀች። እኔም ሳቅሁና ተውኩት። የመጣሁት ለማብሰር ነበር፤ የምስራቹ ላይ ቁስል መደባለቅ አልፈለግሁም። ያበሰርኩትም "ሥራው ተሳካልኝ" ብዬ ብቻ ነው። "አውቄዋለሁ!" አለ። "እኔ እኮ ከአንቺ በፊት ነው ያወቅሁት።" ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ማክሰኞ 18

ድግግሞሽ። ድግግሞሽ። ሌላ ድግግሞሽ። ምሳ አልበላሁም። አባዬ ትንሽ ብርድ ብርድ ብሎታል አለች አክስቴ። ዝናቡ ነው።

ሐሙስ 20

ዛሬ መጻፍ አለብኝ፣ አለዚያ አልተኛም።

መጠኑን ቀንሼ የሠራሁባቸው እንቁላሎች ውጤት ወጣ፤ ነገሩን ሁሉ አመሰቃቀለው። ጥቂት ኩርኩሚን የተደረገባቸው አንዳንዶቹ የደም ሥራቸው አልቀነሰም። የሁለቱ እንዲያውም ጨምሯል። እንዲህ የገጠማቸው ሌሎች ተመራማሪዎችም አሉ፤ በዛ ሲል ያግዳል፣ ሲያንስ ያበቅላል የሚል አንብቤያለሁ። ቀጮው "እርድሽ እንደ አማት ነው፤ ሲያሻው ይገነባል፣ ሲያሻው ያፈርሳል" አለኝ። ፕሮፌሰሯ ግን "ጉባኤው ላይ ዋናውን ውጤት ተናገሪ፣ ይሄኛው ገና ብዙ ሥራ ይፈልጋል" አለች። ትክክል ናት፣ ይፈልጋል። ግን እኔ ደስታዬ ሲቀንስ ተሰማኝ። የማያውቀውን ነገር አፉን ሞልቶ የሚናገር ሰው ድሮም አልወድም።

አባዬን አሰብኩት። እናቴ ከሞተች ወዲህ የትምህርት ቤት ልብሴን የሰፋልኝ እሱ ነው፤ በየጠርዙ ወደ ውስጥ የታጠፈ ትርፍ ጨርቅ ይተውልኝ ነበር፣ ሳድግ እንዲፈታ። በየዓመቱ ይፈታዋል። ከጓደኞቼ ሁሉ ልብስ አጥሮባት የማታውቅ እኔ ነበርኩ። ያን ሰው ክሊኒክ ይዤ መሄድ አቅቶኛል። ነገ፣ ነገ፣ ነገ። ምን ዓይነት ልጅ ነኝ?

ይህን እየጻፍኩ ከመኝታው ጠራኝ።

"እሙ፣ አልተኛሽም? የደም ሥሮቹ እንዴት ናቸው?"

"ጥሩ ናቸው አባዬ። በጣም ጥሩ።"

"ተመስገን" አለ፣ ከልቡ። ለእኔ ደስ ብሎት ነው። ድምፁ ግን ደክሟል።

እሑድ 23

አባዬ ቀን ተኝቶ ፋሻው ተንሸራቶ አየሁ። ቢጫ ነው። ቢጫና ቡናማ። ነርሶች አዮዲን ይጠቀማሉ፤ አዮዲን እንዲህ ያደርጋል። ጫፉን ላነሳው እጄን ስዘረጋ አክስቴ "ተኝቷል፣ አትቀስቅሺው" አለችኝ፣ በሹክሹክታ፣ ግን ክንዴን ጠበቅ አድርጋ ይዛ። ተውኩት።

አዮዲን ነው።

ስለ ጠርሙሱ ልጠይቃት ወጥ ቤት ገባሁ። ከመደርደሪያው ጠፍቷል። የትም ቢቀመጥ ምን አገባኝ ብዬ ወጣሁ።

አዮዲን ነው።

ማክሰኞ 25

ንግግሬ ሐሙስ ነው። ከማይክሮስኮፑ ያነሳኋቸው ሥዕሎች አልተስተካከሉም። አባዬ ምሳውን መለሰው፣ አልበላም። ዓርብ ራሴ እወስደዋለሁ፤ ሰማይ ቢደፋ እወስደዋለሁ። እስከዚያ ምን ይለወጣል።

ሐሙስ 27

በየተራው ልጻፈው።

ተናገርኩ። አዳራሹ ሙሉ ነበር። የዚያች ወረቀት ሥዕል ግድግዳውን ሸፍና ስትታይ፣ ያ ነጭ ሜዳ፣ ዙሪያውን የቆሙት ቀይ ሥሮች፣ "እዚህ ላይ ደሙ ይቆማል" አልኩ። አጨበጨቡ። አንድ ሽማግሌ ተመራማሪ ተነስተው "ቁስል ያለበት ሰው ይህን ቢወስድስ? ቁስል እኮ አዲስ የደም ሥር ካላገኘ አይሽርም" ብለው ጠየቁኝ። "ጥሩ ጥያቄ ነው" አልኳቸው፤ ማለት የነበረብኝን ሁሉ በቅደም ተከተል ተናገርኩ፤ ገና አልተጠናም፣ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እየተናገርኩ ሳለ ያ ቢጫ ፋሻ ትዝ አለኝ። ምን እንደሆነ ያወቅሁ አልመሰለኝም። ግን ምሳ ሳልበላ፣ ለፕሮፌሰሯ ሳልነግር፣ ታክሲ ይዤ ቤት ሄድኩ።

አባዬ እንደ እሳት ይግላል። ጥርሱ ይንገጫገጫል። አክስቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሩን በጨርቅ ሸፍና ይዛለች።

"ልቀቂው እትዬ።"

"ሲድን ልናስደንቅሽ ነበር እኮ!" ብላ ማልቀስ ጀመረች። "አንቺን ልናስደስት ብለን እኮ ነው! የደም ሥር ነው አልሽ፣ ሐኪሙም አዲስ የደም ሥር አለ። ጠዋት ጠዋት በወተት ይጠጣል፣ ማታ ማታ እነሰንስለታለሁ። ሽታው እንኳ ጠፍቶ ነበር። እውነት ጠፍቶ ነበር!"

ፋሻውን ፈታሁት። ዱቄቱ ከፈሳሹ ጋር ተጋግሮ እንደ ቅርፊት ሆኗል፤ ቢጫ፣ ደረቅ፣ የተሰነጣጠቀ። በሞቀ ውሃ እያራስኩ አነሳሁት። ከሥሩ ተረከዙ ጥቁር ነው። ጥቁረቱ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ወጥቷል። መቼ እንደጠቆረ ማንም አያውቅም፣ ቢጫው ሸፍኖታል።

"ክሊኒክ አልሄዳችሁም?"

"አንዴ ሄድን። ከዚያ ወረፋው፣ ዝናቡ... መድኃኒቱ ቤት እያለ ምን አደከመን አለኝ።"

መድኃኒቱ። እኔ ነኝ ተሸክሜ ያመጣሁት፣ በጠርሙስ።

ዓርብ 28

ከጉልበቱ በታች ይቆረጣል። ፈረምኩ። እሱ መፈረም አይችልም፣ ትኩሳቱ ያቃዠዋል፤ ለማላውቀው ሰው የኮት እጅጌ ይለካል።

የሚቆርጠውን ሐኪም ኮሪደሩ ላይ ያዝኩት። "እርዱ ነው?" አልኩት። የማጠናውን ነገርኩት። ረጋ ያለ ሰው ነው፣ አልቸኮለም።

"እርድ እግር አይቆርጥም፣ እህቴ። ዋናው የደም ሥር ተዘግቷል። ያለ እርዱም ምናልባት እዚሁ ይደርስ ነበር።"

"ምናልባትም አይደርስም?"

"ምናልባትም አይደርስም። እኔ የማውቀው ዱቄቱ ጥቁረቱን እንደሸፈነ ነው፤ መታጠቡንም አስቀርቶታል። ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ብትመጡ የደም ሥሩን የምንከፍትበትን መንገድ እንሞክር ነበር።"

ላቦራቶሪ ውስጥ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ማነጻጸሪያ አለኝ። እርድ ያልነካው እንቁላል ከጎኑ አለ፤ አየዋለሁ፣ አወዳድራለሁ፣ እፈርዳለሁ። እርድ ያልነካው አባዬ የለም። ይህን መቼም አላውቀውም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ፤ እኔ ግን ለመፍራት እንኳ ጊዜ አላገኘሁም፣ ሥራ በዝቶብኝ።

እሑድ 30

ነቃ። ብርድ ልብሱ ከጉልበቱ በታች ዝቅ ያለበትን ቦታ አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። የመጀመሪያ ቃሉ ይቅርታ ነበር። ይቅርታ አለኝ!

"አላሳፍርሽም ብዬ ነበር እሙ። ዘግይቼ ጀመርኩት መሰለኝ። መርፌዋ የወጋችኝ ዕለት ብጀምረው ኖሮ አዲሶቹ ሥሮች ይደርሱልኝ ነበር፣ አይደል? ብቻ መድኃኒትሽን አሰድቤብሽ እንዳይሆን።"

አክስቴ ታየኛለች። በቃ አሁን ንገሪው፣ አሁን ንገሪው እያልኩ ለራሴ፣ አፌ የተናገረው ሌላ ነው።

"አዎ አባዬ፣ ዘግይቶ ነው።"

እጄን ጨመቅ አደረገኝ። "አይዞሽ፣ ስህተቱ የእኔ ነው" አለኝ።

ሽንት ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል። እንዴት አድርጎ ይነቅዛል!

ረቡዕ 3

ፕሮፌሰሯ ደወለች። ውሌ ሊታደስ ነው፤ ጽሑፉን ቶሎ እንጨርስ፣ ሥዕሏን የላቦራቶሪው መግቢያ ላይ በትልቁ ሰቅለናታል አለች። "አባትሽ እንዴት ናቸው?" ብላም ጠየቀች፣ አልዋሽም፣ ጠየቀች። "ደህና ናቸው፣ ይመስገን" አልኳት። ለሰው ሁሉ ይህን ነው የምለው።

አባዬ ግራ እግሬ አለልኝ፣ የስፌት መኪናዬ በግራም ይሄዳል እያለ ነርሶቹን ያስቃል። እነሱ ሲወጡ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ጀርባው ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። አልነካውም፣ ብነካው ምን እለዋለሁ? ይህን ሌላ ሰው ቢያደርግበት ኖሮ ደሜ ፈልቶ ሆስፒታሉን በጩኸት አናውጠው ነበር። አሁን በማን ላይ ልጩህ። ጠዋት መስታወት ሳይ ራሴን ሰላም አልልም።

እነግረዋለሁ። ትንሽ ይበርታ፣ ትንሽ ይብላ፣ ከዚያ። የማይድን ነገር ነግሮ ማሳመም ምን ይጠቅማል? ሆድ ይፍጀው። እንዲህ እያልኩ ነው የምውለው።

ቅዳሜ 6

ከአባዬ ጎን ያለው አልጋ ላይ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ተኝተዋል። እሳቸውም ስኳር ናቸው፤ የእግራቸው አውራ ጣት ላይ ትንሽ ቁስል ወጥቶ ነው የመጡት። በእጥበት ይድናል ተብለዋል። ሁለቱ ተግባብተዋል፣ ሲቀላለዱ ነው የሚውሉት።

ዛሬ ስገባ አክስቴ ከፔርሙዙ ሻይ እየቀዳች ነበር። ትኩስ ነው፣ ጭሱ ይታያል። ለአባዬ ሰጠችው፤ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ "መጣች!" አለ። ራስጌው ያለችው ጠረጴዛ ላይ የእርዱ ጠርሙስ ተቀምጧል።

"ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?"

"አምጪ ብሎኝ ነው" አለች አክስቴ፣ ቀና ሳትል።

"ለጋሼ ነው" አለ አባዬ። "እሳቸው ገና ጅምሩ ላይ ናቸው። እኔ ዘግይቼ ነው፣ ራሷ ናት የነገረችኝ። አይደል እሙ? እስቲ አንቺ አስረጂያቸው፣ እኔ ስናገር አይምርልኝም።"

ሹፌሩ ተደላድለው ተቀመጡ። "ልጄ፣ አባትሽ ስላንቺ አውርተው አይጠግቡም። በይ ነርሷ ሳትመጣብን ቶሎ በይልኝ" አሉና ጣታቸው ላይ ያለውን ፋሻ መፍታት ጀመሩ።

"አይፍቱት" አልኩ።

"ምነው?"

"አይፍቱት! በሞቴ አይፍቱት።"

ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ፣ ከወዲያኛው አልጋም ዞረው አዩኝ። ሳልቀመጥ ነገርኳቸው። ለእንግዶቹ የነገርኩትን ነው፣ በዚያው ቃል። እኛ የምናጠናው እርድ አዲስ የደም ሥር እንዳይበቅል ሲያግድ ነው፣ ለዕጢ። ቁስል ደግሞ አዲስ የደም ሥር ካልመጣለት አይሽርም። ያየነው እንቁላል ላይ ነው፤ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ገና አናውቅም፣ አንዳንዴም ተቃራኒውን ያደርጋል። ቁስል ላይ ግን አይነሰነስም፤ የሚመጣውን ይሸፍናል፣ ከመታጠብም ያዘናጋል። "አባዬ ዘግይቶ አይደለም" አልኩ። "ዘግይቶ ነው ያልኩት ዋሽቼ ነው።"

ሹፌሩ ፋሻቸውን መልሰው ጠቀለሉና ቀስ ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩልን። አክስቴ አፏን በእጇ ያዘች።

አባዬ አልተቆጣም። ምነው በተቆጣ፣ ምነው ያን ብርጭቆ በወረወረብኝ! ብርጭቆውን በሁለት እጁ መካከል አዟዟረው።

"ጠይቄሽ ነበር እኮ።"

"አዎ አባዬ።"

"ነገ አልሽኝ።"

"አዎ።"

"ታዲያ ነገሩ ይኸው ነው? ሌላ የቀረ የለም?"

"ይኸው ነው አባዬ። ሌላ የለም።"

ሻዩን ፉት አለ። ከንፈሩን አቃጠለው መሰለኝ፣ ብርጭቆውን ከአፉ መለሰና ቀና ብሎ አየኝ።

"ነግረሽኝ ጨርሰሽ ሻዩ እንኳ አልቀዘቀዘም እኮ፣ እሙ" አለኝ።